አሚን ከግድግዳው ማዶ

ጸጥታዎቹ ከምሠራበት የአል-ሳሃፋ ሰፈር ወዴት እንደወሰዱን አላየሁም፤ ዓይኔን በገዛ ሻሼ አስረውት ነበር። ሲፈቱልኝ ራሴን መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ወለሉ እርጥብ ነው፤ የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን አወቅኩት። በቤት ሠራተኝነት የማገለግላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። መንግሥትን ወቅሰዋል ተብለው ነው የተያዙት፤ እኔንም አብረው ያዙኝ።

ሲመሻሽ መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ቁርኣን ተቀምጧል። ሽማግሌው መሣሪያ ሲደብቁ አይቻለሁ ብዬ፣ እጄን ጭኜ እንድምል አዘዘኝ። ቤቱን ዕለት ዕለት የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ከመጻሕፍትና ከመድኃኒት ብልቃጥ በቀር ያየሁት የለም።

«ሙስሊም አይደለሽም?» አለኝ ሳይቆጣ። «መንግሥት በአንቺ ላይ ሐቅ፣ መብት አለው። መሪን መታዘዝ ግዴታ ነው።»

እዚህ ብቀር አገር ቤት ወሎ ያለችው እናቴ ሬሳዬን እንኳ እንደማታገኝ አሰብኩ። ልምል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ትንሽ ልቆይ ብዬ ውዱእ የለኝም፣ ሳልታጠብ ቁርኣን አልነካም አልኩት። ይህን እምቢ ሊለኝ አልቻለም፤ በማንቆርቆሪያ ውኃ አስመጣልኝ። አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን ቀስ ብዬ ታጠብኩ። ታጥቤ ስጨርስ መዋሸቱ ከበፊቱ ይልቅ አስፈራኝ።

«ጀናቦ፣» አልኩት፣ መኮንኖችን እንደሚጠሯቸው። «ሐቁን አልክድም። ግቢ ሲሉኝ ገብቻለሁ፣ ተቀመጪ ሲሉኝ ተቀምጫለሁ። በውሸት መማል ግን አላህ ዘንድ ወንጀል ነው። ወንጀል ላይ ደግሞ ለማንም መታዘዝ የለም፤ አባቴ ቁርኣን ሲያስቀራኝ ያስተማረኝ እንዲያ ነው።»

ቁርኣኑን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ነገ እናያለን» አለ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ የመግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው አዛን ተሰማ። ውዱኤ አልፈረሰም፤ ሰላት ቆምኩ። ሴት ወንድ በሚሰማት ቦታ ድምጿን ከፍ አታደርግም ተብዬ ነው ያደግኩት። ያን ዕለት ግን የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሓን ጮክ ብዬ ቀራሁ፤ በእሳቸው ላይ አለመማሌን ሽማግሌው ከድምፄ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። ስጨርስ ከግድግዳው ማዶ ሳል የሰበረው ድምፅ «አሚን» አለ። ዘበኛው በሩን በእግሩ መታው።

እኔን ከቀናት በኋላ፣ ሳልምል፣ ለቀቁኝ። እሳቸው የት እንደተወሰዱ የነገረኝ የለም።

አሁን ኦምዱርማን ነው የምሠራው። ጁምዓ ኢማሙ ለመሪዎች ዱዓ ሲያደርግ እኔም አሚን እላለሁ፤ ሐቃቸው ነው። ለሽማግሌው ዱዓ የማደርገው ግን ቤት ገብቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ አሁንም እየፈራሁ።