የጋሽ ሚሊ ገበና

የጋሽ ሚሊን ስም ያወጣለት የሥራ ጓደኛው ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን የቁም ሳጥን በር በአንዲት ሚሊሜትር ተንጋደደብኝ ብሎ ሙሉውን ሲያፈርሰው አየና "አንተስ ሰው ሳትሆን ሚሊ ነህ!" አለው። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሥራ ቤቱም፣ ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም ጋሽ ሚሊ እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም። ሬዲዮ የተባለው ደግሞ ቫርኒሽ ቀቢው ጓደኛው ነው፤ ጠዋት ሲገባ የጀመረውን ወሬ ማታ በሩ ሲዘጋም አይጨርሰውም። ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ ጋሽ ሚሊ ለሬዲዮ ያልነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ይዞት ነበር።

ያኔ ሐኪሙ ሲነግረው "ተሳስተው ይሆናል፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ" ነበር ያለው። ወንድም ጡት እንዳለው፣ አልፎ አልፎም እንደሚታመም ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳው። የግራ ጡቱን ቆርጠው አወጡለት፣ ጨረር ተሰጠው፣ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ኪኒን ዋጠ። ከሚስቱ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። "ደረቴ ላይ እባጭ ወጥቶ በቀዶ ጥገና አወጡልኝ" አለው ለሬዲዮ። ሬዲዮም እባጩን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰ። ለአንድያ ሴት ልጁም የነገራት ያችኑ ነበር። "የሴት በሽታ ያዘው" ከሚሉኝ ሞቴን እመርጣለሁ ብሎ ነበር። ሙቀቱ ቢያነደው እንኳ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሸሚዙን አውልቆ አያውቅም።

ትንፋሹ ማጠር የጀመረው ዘንድሮ ነው። መጀመሪያ ጣውላ ተሸክሞ ሲገባ፣ ቀጥሎ እንጨት ሲልግ፣ በኋላ ደግሞ የጫማውን ክር አስሮ ቀና ሲል ብቻ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር። "ሰጋቱራው ነው" አሉት የሥራ ባልደረቦቹ። እሱም "ሰጋቱራው ነው" አለ። ሆዱ ግን ሌላ ነበር የሚለው፤ ተመልሶ መጥቷል፣ አሁን ደግሞ ሳንባዬ ውስጥ ገብቷል ይለዋል። መታጠቢያ ቤት ይገባና ጠባሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ይዳስሳል። ሚስቱ ማለክለኩን እንዳትሰማ ቧንቧውን ይከፍታል።

"ሄደህ ታይ" አለችው ሚስቱ።

"የሰጋቱራ ነገር ነው እኮ።"

"እሑድ እሑድስ? ሰጋቱራው እሑድ እዚህ ድረስ ይከተልሃል?"

አንድ ጠዋት ከሬዲዮ ጋር ጠረጴዛ ሲያነሡ ትንፋሹ ተቆርጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሬዲዮ ደግፎ በቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደው። ወጣቱ ሐኪም "ከዚህ በፊት ያመመዎት ከባድ በሽታ አለ?" ብሎ ጠየቀው። ሬዲዮ አጠገቡ ቆሟል።

"የለም።"

"እንዴ፣ እባጩስ?" አለ ሬዲዮ።

"እሱማ የድሮ ነው፤ ምን እባጭ ይባላል።"

ሐኪሙ ሸሚዝዎን ያውልቁ ሲለው ብርድ ብርድ ይለኛል ብሎ እምቢ አለ። ሐኪሙ ቸግሮት በጀርባው በኩል አዳመጠ፤ ነገሩን ከእንጨት ብናኝ የመጣ አስም መስሎት የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘው። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሽ ሚሊ አስም ይዞታል" ይል ነበር። ጋሽ ሚሊ ግን ሐኪሙን ዓይኑን ሸፍኖ መንገድ አሳየኝ እንዳለው ገብቶታል፤ ያን ቀን መስታወት ማየት እንኳ አስጠላው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሌላውን ሲመክር የኖረ ሰው ነው።

መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ቢነፋም ምንም ለውጥ አላገኘም። ሚስቱ ቆረጠች፦ "ወይ ራስህ ትሄዳለህ፣ ወይ ለልጃችን እነግራታለሁ።"

ካንሰሩን የታከመበት ሆስፒታል ቀጠሮ ያዘ። ልጁ ይህን ስትሰማ "አስም የያዘው ሰው ብቻውን አይሄድም" ብላ ሙጭጭ አለች። በር ላይ ጠብቂኝ ቢላትም አልሆነም፤ እየተከተለች ገባች። የጡት ሕክምናው ተራ መጠበቂያ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። እሱ በሩ ጥግ ቆመ። ነርሷ ካርድ ይዛ ብቅ አለችና "አባት፣ አስታማሚ ውጪ ነው የሚጠብቀው። ታካሚዋ እሷ ናት?" ብላ ወደ ልጁ ጠቆመች።

ልጁ ሳቀች። "ኧረ እኛ ለአስም ነው የመጣነው። አባዬ፣ ተሳስተናል መሰለኝ፣ ና እንውጣ።" እጁን ያዘችው።

አልተንቀሳቀሰም። "አልተሳሳትንም" አለ። "ታካሚው እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ራሷን በሻሽ የጠቀለለች አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከወንበር አነሣችና "ይቀመጡ ወንድሜ፤ እዚህ ሁላችንም አንድ ነን" አለችው። ቁጭ አለ። ዘጠኝ ዓመት የሸሸው ከእንዲህ ያሉ ሴቶች ጋር አንድ መባልን ነበርና ደግነቷ ከስድብ ይልቅ አንገቱን አስደፋው።

ልጁ እጁን ለቀቀችው። "መቼ?"

"ከዘጠኝ ዓመት በፊት።"

"ያ እባጭ?"

"ያ እባጭ።"

"ባለፈው ዓመት ጡቴን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ያደረስከኝ አንተ ነህ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው አለ ወይ አሉኝ። ደስ ብሎኝ የለም አልኩ። ቤት መጥቼ ይህንኑ ነግሬህ ነበር፣ አባዬ።"

ነግራው ነበር። እሱም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ጋዜጣውን መግለጡን ያስታውሳል። ያኔ ወንድነቴን ይነካል ብሎ ያፍርበት የነበረው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ መሰለው።

ወደ ሐኪሟ ክፍል ሲገቡ ሸሚዙን ልጁ ፊት አወለቀ። ሲቲ ስካን ተነሣ፣ ደም ሰጠ፣ ልቡም ታየ። ውጤቱ እስኪደርስ በነበሩት ስምንት ቀናት ልጁ ከእናቷ ጋር እንጂ ከእሱ ጋር በስልክ አላወራችም።

"ካንሰሩ አልተመለሰም" አለችው ሐኪሟ። "ሳንባዎም ልብዎም ደህና ነው።"

"ታዲያ ይሄ ትንፋሽ ከየት መጣ?"

"እውነቱን ልንገርዎት፣ አላወቅንም። ከጨረሩ የቀረ በምስል የማይታይ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃትም ትንፋሽ ያሳጥራል። እየተከታተልን እናየዋለን፤ በሦስት ወር ይመለሱ። የወንድ ጡት ካንሰር ግን ከዘር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ልጅዎ ይመርመሩ፤ እህት ካለዎትም እንዲሁ።"

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ስም የሌለው በሽታ ይዞ ቤቱን ያሸበረ ሰው መሆኑ አሳፈረው። አፉን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ መተንፈስ ተማረ፤ አንዳንድ ቀን ይረዳዋል፣ አንዳንድ ቀን አይረዳውም።

ለታላቅ እህቱ የደወለው ራሱ ነው። መሃል ላይ ትንፋሹ አጥሮ ቃሉ ተቆረጠ።

"ቀስ በል፣ የት እሄዳለሁ" አለችው።

ሲጨርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "ዘጠኝ ዓመት? እኔ የእናትህ ልጅ አይደለሁም?" ብላ ዘጋችበት። ማግስቱን መልሳ ደወለች፤ ሰላምታም አልሰጠችው፣ የሆስፒታሉን አድራሻ ብቻ ጠየቀችው።

የምርመራው ቀን እህቱ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ እናቷ ዘንድ ያደረችው ልጁም ሹራቧን ደርባ ወጣች። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ተሻገሩ። አብረህ ና ያለው ማንም አልነበረም፤ እሱም ልምጣ ለማለት አፍ አልነበረውም።