ባየሽ ያሳረሰችው እሳት መቁረጫ

ባየሽ ከሰው ጋር ተስማምታ አታውቅም። ከበለሳ ወርዳ በአብርሃ ጅራ እርሻዎች አረም ስታርም የሠራተኞቹ አለቃ «ይቺ ሴት ከአረሙ ጋር ሳይቀር ትጣላለች» ይል ነበር። አልተሳሳተም። ከአለቃው ተጣልታ ሥራውን ለቀቀች፤ ከወንድሟ ተጣልታ ወደ በለሳ መመለሱን ተወችው፤ ከመተማ በላይ ማንም ያልፈለገውን ቁጥቋጦ ከባሏ ጋር መነጠረች። ባሏ በካላዛር በሽታ ሲሞት ጎረቤቶቿ «አሁንስ አገሯ ትገባለች» አሉ። እሷ ግን ትራክተር ተከራይታ አሳረሰች።

መሬቷን ደረቅ ጅረት ለሁለት ይከፍለዋል። ከጅረቱ ወዲህ ማሽላ፣ ከጅረቱ ወዲያ ሰሊጥ ትዘራለች። ወዲያ ያለው ጥቁር አፈር ነው። እሱ ከሄደ የቀረው ለቀለብ እንጂ ለሌላ አይበቃም፤ ዳግመኛ የሰው አረም ወደማረም መመለስ ነው።

ጠቡ ያን አፈር ፈልጎ ከሩቅ መጣ። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ኤሚር፣ ከድንበሩ ማዶ ከነበረ ገዥ በስጦታ አገኘሁት የሚለው ሰፊ እርሻ ነበረው። በሰነዱ ላይ ያለው መስመር ድንበሩን ተሻግሮ የባየሽን ሰሊጥ ይውጣል። አዲስ አበባ ሰነዱን አላውቀውም አለች። ኤሚሩ አምባሳደሩን ጠራ። የተቃውሞ ደብዳቤ ሄደ፤ የተቃውሞ ደብዳቤ መጣ። ባየሽ ወሬውን በሬዲዮ ሰማችው።

«ኤሚሩ ሰሊጥ አጭዶ ያውቃል?» አለች።

የኤሚሩ ወኪል ግን በሬዲዮ አልመጣም። ሷሊህ ይባላል፤ መተማ ዮሐንስ ተወልዶ ያደገ ነጋዴ ነው። ሰሊጡ እየታጨደ ሳለ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ከፒካፑ ወረደ።

«ሐጃ፣ እንዴት አሉ?»

«ሐጃ አትበለኝ፤ መካ አልሄድኩም።»

«እሺ፣ እትዬ ባየሽ። ኤሚሩ ሌላ መሬት ሊሰጥዎት ፈቅዷል።»

«የማንን?»

ሷሊህ ሳቀ። ባየሽ አልሳቀችም።

«አንተ የዘሀቢያ ልጅ አይደለህም? እናትህን በርበሬ ስትሸጥ አውቃታለሁ። እሷ እንኳ ሚዛን አትሰርቅም ነበር።»

ሷሊህ መሳቁን ተወ። «እናቴን ከአፍሽ አውጪ!»

«አንተ ከመሬቴ ውጣና አወጣታለሁ።»

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ ገባ። ኅዳር ላይ ሣሩ ደረቀ፤ የሷሊህ ሰዎች በእነሱ በኩል ያለውን ሣር ማቃጠል ጀመሩ። ማሽላዋ ገና አልታጨደም። በቆላ ማሽላው ቆሞ ሳለ ጭስ ያየ ገበሬ የሚያደርገው አንድ ነው፤ በእሳቱና በሰብሉ መካከል መሬቱን አርሶ ራቁቱን ያስቀረዋል። እሳት መቁረጫ ይሉታል። ባየሽ ጌችን ጠራችው። ጌች የጎጃም ሰው ነው፤ ዓመት ዓመት የሚያርስላት የትራክተር ሹፌር። የጅረቱን ዳር ዳር ይዞ በዲስክ ማረሻ ቀጥ አድርጎ አረሰው። ከወዲያ የቀረው ቆረን፣ የታጨደው ሰሊጥ ጉቶ፣ ብቻ ስለሆነ ቢቃጠልም የሚያሳዝን አልነበረም።

እሳቱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይዞት መጣ። ቆረኑን በላ፤ እሳት መቁረጫው ዳር ደርሶ ሞተ። ማሽላው ተረፈ። ባየሽ ጌችን ልታመሰግነው ምንም አልቀራት።

በሳምንቱ ነጫጭ መኪኖች መጡ። ዲፕሎማቶቹ በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተው ነበር፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ሁሉም እርሻው ባለበት ይቁም። የመጡት እርሻው የት እንዳለ ለማየት ነው። አዩ። ወዲህ የቆመ ማሽላ፣ መሐል ቀጥ ያለ አዲስ እርሻ፣ ወዲያ ምንም የሌለበት ጥቁር አመድ።

ሷሊህ በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረና ባየሽ እንድትሰማው በአማርኛ ደገመው። «ድንበሩን ራሷ አሳርሳዋለች።»

«እሳት መቁረጫ ነው፣ አንተ ውሸታም!»

ከዞን የመጣው ሹም ባንተአምላክ ክንዷን ያዛት። «እትዬ ባየሽ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ። እንግዶች ናቸው።»

«እንግዳ ከሆኑ ወደ ቤታቸው ይሂዱ!»

የኤሚሩ መልእክተኛ በአስተርጓሚ ጠየቀ። «መሬቱ የእሷ ከሆነ ለምን ግማሹን ለእሳት ተወችው?»

«ሰሊጡ እኮ ገብቷል! ለቆረን ዘበኛ ላቁምለት?»

የአዲስ አበባው ዲፕሎማት ነገሩ ገብቶታል፤ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ግን የመጣው እውነት ፍለጋ አይደለም፤ መስመር ፍለጋ ነው። ይሄኛው መስመር መሬት ላይ ተሠርቶ ጠበቀው። ለኤሚሩ ሰው በስምምነት ራሱን ነቀነቀለት። መኪኖቹ ሄዱ።

«ጊዜያዊ ነው» አላት ባንተአምላክ። «ከታረሰው መስመር እንዳያልፉ ብቻ።»

«አንተም ጊዜያዊ ነህ» አለችው።

ሰኔ ዝናብ ሲጥል የኤሚሩ ትራክተር የሰሊጡን መሬት ሊያርስ መጣ። ባየሽ ከእሳት መቁረጫው ወዲያ ዳስ ሠርታ ተቀምጣለች። ትራክተሩ ላይ ያለው ጌች ነው።

«እትዬ ባየሽ፣ ይነሡ።»

«ያንን ያረስኸው አንተ ነህ። ለምን እንደሆነ ለምን አትነግራቸውም?»

«ነግሬያለሁ። ሹፌር ማን ይሰማዋል?»

«እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ላርስ ነዋ። ልጆቼን ምን ላብላ?»

«እረስ። ውሃ ሲጠማህ ግን ወደ እኔ እንዳትመጣ።»

በቆላ ይህ ከስድብ ሁሉ ይከፋል። ጌች ፊቱ ጠቆረ። ዲስኩን አነሣ፣ ዳሷን ዞሮ አለፈ፣ ከጀርባዋ መልሶ ጣለው።

ባየሽ የሰሊጥ ዘሯን በከረጢት አንግታ ወጣች። ትራክተሩን ተከትላ መበተን ጀመረች። በዚያ አገር የበቀለ ሰብል፣ የማንም ይሁን የማን፣ አይገለበጥም፤ የተጣሉ እንኳ እስኪታጨድ ጠብቀው በሽማግሌ ይዳኛሉ። ይህን ሷሊህም ያውቃል። ከፒካፑ ዘሎ ወረደ፤ ጀላቢያው ጭቃ ነካው።

«ጌች! ተመለስ! መልሰህ እረሰው!»

ጌች ዞረ። ሰሊጥ ጥልቀት አይወድም፤ ዲስኩ የበተነችውን ሁሉ ቀበረው። ባየሽም ዞረች። ከኋላው እየሄደች እንደገና በተነች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ጌች፣ ድገመው!»

«ድገመው፣ ጌች!» ብላ ጮኸች ባየሽ። «ናፍጣው የኤሚሩ ነው!»

ሷሊህ ስልኩን አውጥቶ ባንተአምላክ ጋ ደወለ፤ አይነሣም። ጌች ሁለቱንም አየ። ማርሽ አስገባና ዞረ። ባየሽ ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች፤ ጭቃውን ከእግሯ አራግፋ ተከተለችው።