ከአጥሩ ጀርባ የሚመጣው ድምፅ

ባሕር ዳር ያለው ሐኪም የአባቴ የሳንባ ካንሰር መሠራጨቱን የነገረው ለእኔና ለወንድሜ ነበር። አባቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቁናል። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ለታማሚው አይነገርም። ወጣንና እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ብርድ ነው አባዬ፤ መርፌው ረዘም ይላል እንጂ ይለቅዎታል» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ከአረብ አገር ከተመለስኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ደብረ ታቦር ልከፍት ያሰብኩትን ልብስ ቤት ትቼ ጋፋት አጠገብ ካለው ቤታችን ገባሁና አዛዥ ሆንኩ። ብሉ እላለሁ፣ ጠጡ እላለሁ፣ እቆጣለሁ። ለራሴ ግን እህል አልወርድ አለኝ። በየሦስት ሳምንቱ ለሕክምናው በሚኒባስ እንመላለሳለን። ሐሙሲት ላይ ስንቆም አባቴን ያስመልሳቸዋል፤ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ሲመጡ ደግሞ የገበያውን ከብት መገምገም ይጀምራሉ። «ያ ቀዩ በሬ ጫንቃው ደካማ ነው፤ እንዳትገዢ» ይሉኛል። በሬ ልግዛ ያለ ሰው አልነበረም።

የእርሻ ወቅት ሲገባ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ሳብ! ተመለስ! ሂድ እንጂ!» በዚህ አቅማቸው ሊያርሱ! ማታ ወንድሜ ላይ ጮኽኩበት። «ተያቸው፣ ደስ ይበላቸው» አለኝ። በማግስቱም ድምፁ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። እኔም ሳላውቀው ምሳዬን መጨረስ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ኪኒናቸውን ረስተው ስለወጡ ይዤላቸው ተከተልኩ። አባቴ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በሬ የለም፤ ሞፈር የለም። ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ያርሳል። እሳቸው «ሳብ!» ይሉና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደረታቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ከዚያ ደግሞ «ተመለስ!»

«አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አየሽኝ?» ብለው ሣቁ። «ምን ላድርግ፣ ድምፄን ካልሰማሽ እህል አትቀምሺም። ያን ቀን ሐኪሙ በሩን አልዘጋውም ነበር፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እናንተ ብርድ ነው ስትሉ ጊዜ እንዳላሳዝናችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

አለቀስኩ። እኔ እሳቸውን የማስታምም መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ያቺን የቀረቻቸውን ትንፋሽ እኔን ለማብላት ያወጧታል። እንደ አባቴ ያለ ጀግና አላየሁም። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «ኪኒኑን አምጪው እንጂ» አሉኝ።

በዓመቱ ሐኪሙ አባቴን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ዕጢው በጣም እንደቀነሰ፣ ክትትሉ ግን እንደማይቋረጥ ነገራቸው። እርሻው እንደገና ሲጀመር አንድ ጠዋት ከአጥሩ ጀርባ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ደንግጬ ሮጥኩ።

አባቴ እርፉን ጨብጠው ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳሉ፤ ወንድሜ ከጎናቸው ነው። አንዲቷን ትልም ሳያቋርጡ ወደ ዳር ይገፏታል። አንዴም አልጮኹም፤ ትንፋሹ ለሥራው ያስፈልጋቸዋል። እኔ አጥሩን ተደግፌ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩላቸው፤ «ሳብ! ተመለስ! ሂድ እንጂ!»