የሚስቴ ገንዘብ በሌላ ወንድ ስም

ሀርጌሳ ውስጥ ሻይ ጠጥተህም የምትከፍለው በስልክ ነው። ቲማቲም ሻጯ፣ ባጃጁ፣ ውኃ የሚያመላልሰው ባለ አህያ፣ ሁሉም ቁጥር አላቸው። አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም በላኪው ስልክ ላይ ይወጣል። ላኪው ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተቀባዩ «አዎ» ይላል፣ ከዚያ ይላካል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔን ግን አንጀቴን አሳረረኝ።

ሚስቴ ለሙሽሮች ሂና ትሠራለች። እጇ የተባረከ ነው። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ጉልበቴ ካለቀ ወዲህ ከኔ ይልቅ የቤቱን አስቤዛ የምትችለው እሷ ናት። መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ስንመጣ መታወቂያ አልነበረንም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ሲም ካርድ አይሰጥም። አከራያችን በራሱ ስም አወጣላት። ድሬዳዋ ያደገ የዚህ አገር ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጺሙን በሂና ያቀላል። ያን ጊዜ አላህ ይስጥህ ብዬ አመሰገንኩት። እኔ የሥራዬን ዋጋ በእጄ ነበር የምቀበለው፣ በስልክ ገንዘብ መያዝ አልወድም፣ ስለዚህ የማን ስም የት እንዳለ ትዝም አላለኝ። በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አወጣን። ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

አንድ ቀን 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር፣ ሙሽራ ቤት፣ ሚስቴን ላመጣት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የሙሽራዋ እናት ስልኳን ከዓይኗ አራቀችና ስሙን አነበበች። የአከራያችን ስም ነው፣ ከነአባቱ ከነአያቱ።

«ባልሽ ነው?» አለቻት በሶማልኛ።

«አዎ» አለች ሚስቴ።

ሶማልኛዬ ደካማ ነው። ይህን ለመስማት ግን በቃኝ።

ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ታገስኩ። «ለመሆኑ ባልሽ ማነው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበላት? ሲም ካርዱ እንዴት እንደወጣ ለእያንዳንዷ ሙሽራ እናት ልተርክላት? ደክሞኛል፣ አዎ ብዬ ወጣሁ።»

«አይደለም ማለት ያደክማል?»

«አይደለም ካልኩ ታዲያ ማነው ትለኛለች። የሰው ወንድ ስም ይዤ ስዞር ሌላ ነገር ቢመስላትስ? አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ቀስ በል፣ ልጁ አማርኛ ይሰማል።»

የባጃጁ ሹፌር መስታወቱን አስተካከለ። ይሰማል መሰለኝ።

እውነቷን ነው፣ አውቃለሁ። ቅናት ግን እውነት አይገባውም። ስንት ቤት ገብታ ስንት እናት ያንን ስም አንብባላት ይሆን እያልኩ ስገነባ ድንጋዩ ይጣመምብኝ ጀመር። በከተማው ሁሉ የሱ ሚስት ሆናለች፤ እኔ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነኝ። አከራያችን ጠዋት ሲያስል እንኳ ለሷ የሚያስል ይመስለኛል። ጺሙ አዲስ ቀልቶ ሳየው አላስቻለኝም።

«ማን ቀባህ?»

«እኔው ነኛ። ምነው፣ ላንተም ልቀባህ?» ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ቆጥሮ የሰጠው አላህ ይወቅለት።

ሚስቴን በሌላ መንገድ ያዝኳት። «ይኼ ሰው ነገ ቢሞት ልጆቹ ገንዘቡ የአባታችን ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ለገንዘቡ ያሰብኩ መስዬ ነው። እሷ ግን ታውቀኛለች።

«ለሞቱ ነው ለጺሙ የተጨነቅከው?» አለችኝ።

ስለዚህ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በራሴ ስም መስመር አውጥቼ የሷን ገንዘብ ወደዚያ ላዞር ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የመኖሪያ ፈቃዴን አገላብጣ አየችና፣ «አዴር፣ ዳሚን አለህ?» አለችኝ። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፣ ዳሚን ደግሞ ዋስ። የውጭ አገር ሰው ያለ አገሩ ተወላጅ ዋስ መስመር አይወጣለትም አለችኝ። እድሜዬን ቆጥሬ፣ ለከተማው የገነባሁለትን ግንብ ቆጥሬ ተሟገትኳት። «እሺ አዴር፣ ዋስህን ይዘህ ና» አለች፣ ሳትቆጣ።

ያሠራኝ የነበረው ኮንትራክተር ወደ ገጠር ወጥቷል። ባለሱቁን ለመንኩት። «አከራይህ እያለልህ እኔን ትላለህ?» አለኝ። ሁሉም ጣቱን ወደዚያው ሰውዬ ይጠቁማል።

ኮርቼ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ በሩን አንኳኳሁ። ልመናዬም ልመና አይመስልም ነበር፤ «ስምህን ከቤቴ አውጣልኝ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ነገሩን ስነግረው በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አቦ ጋሼ! ፊትህን ያጠቆርክብኝ ለዚህ ነው እንዴ? ስሜ ነው እንጂ እኔ መቼ ገባሁ? ወላሂ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እንኳ አላውቀውም!»

«እኔም አላውቀውም» አልኩ ሳላስበው። ሳቁን አቆመ። ይሄኛው ከሳቁ ባሰብኝ።

ፈረመልኝ። መስመሩ በስሜ ወጣ። እንደ ጎረምሳ እየተንጎማለልኩ ቤት ገባሁና፣ «በይ፣ ገንዘብሽን ወደዚህ አዙሪው» አልኳት።

የሂናውን ዱቄት እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠችው።

«ከአንድ ወንድ ስም ወደ ሌላ ወንድ ስም?»

«እኔ እኮ ባልሽ ነኝ!»

«ነህ። አልሃምዱሊላህ። ሂናውን የምሠራው ግን እኔ ነኝ። መታወቂያ እኔም አለኝ። የኔ ስም ምን ሆነ?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ የኔን ስም አንብቦ፣ አንቺ ነሽ? ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። ባልሽ ነው ወይ የሚለኝ የለም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወንፊቷን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች፣ እኔም አኩርፌ ወጣሁ። ሙግቱን ከራሴ ጋር ቀጠልኩ። በኔ ስም እንዲሆን አልፈለገችም፣ ይህ ያማል። ግን እንቢ ብዬ ብደርቅ ስሙ የዚያ ባለ ቀይ ጺም ሆኖ ይቀራል። የሱ ከሚሆን የሷ ይሁን አልኩ። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ የወሰነልኝ ቅናቴ ነው።

ለሷም ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱም ያው ሰውዬ ነው። ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ሄድን። እኔ መሀል ገባሁ።

«አቦ ጋሼ፣ ጎኔን ፈጨኸው እኮ!»

«ጠበበህ? ውረድና በእግርህ ና» አልኩት። ሚስቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቋን ያወቅኩት።

ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ስሙ ተቀየረ። አንድም ደንበኛ አልቀረባትም።

በማግስቱ ግንብ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጠዋት እንዳለችኝ ለምሳ ገንዘብ ልካልኛለች። የላቲን ፊደል አላውቅም፣ የላኪው ስም የሚወጣበትን መልእክትም ማንበብ አልችልም። ማታ ስገባ አከራያችን ግቢው በር ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩን ሳገላብጠው አየኝና እጁን ዘረጋ። «አምጣው፣ ላንብብልህ።»

ስሟን በሱ አፍ? ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

እራት እስክንበላ ጠብቄ ለራሷ ሰጠኋት። «አንብቢልኝ።» አነበበችልኝ፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም።

«አሁንስ ደስ አለህ?»

«ድገሚው» አልኳት።