ከናንዳ በዓል በፊት የማይነቀል ሥር

ባቹሊ በመንደሩ ተሹማ የተራራውን መስክ መጠበቅ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አገሬው የሚያመልካት የእመቤት ናንዳ በዓል ሳይደርስ ኩትኪ የሚባለውን መራራ ሥር የነካ ሰው ከእጇ አያመልጥም። ዘሩ በስሎ የሚረግፈው በበዓሉ ሰሞን ነውና ቀድሞ የነቀለ የከርሞውንም ነቀለ ማለት ነው። ነጋዴዎች ጆንያ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ኩትኪ ከመስኩ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በዚህ ጉዳይ ባቹሊ ዘመድ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ በሹመቷ ትንሽ ኮራ ማለትም ታበዛ ነበር።

ዘንድሮ በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የልጇ የኩንዳን ዓይን ቢጫ ሆነ። ያልፍለታል ብላ ዝም አለች። በማግስቱ ሽንቱ ጠቆረ፣ የቀመሰውም አልረጋለት አለ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው በዚያ አገር ኩትኪ ተፈልቶለት ይጠጣል፤ በቤቷ ግን ቁራጭ እንኳ አልነበረም።

መኮትኮቻዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቷ ጎምቲ በዚሁ በሽታ የተያዘች ልጇን አዝላ መጥታ አንዲት ሥር ብቻ እንድትፈቅድላት ለምናት ነበር። ባቹሊ በዓሉ ይድረስ ብላ መለሰቻት። ልጅቷ የተረፈችው ወንዶች በቃሬዛ ሁለት ቀን ተጉዘው ሐኪም ቤት ስላደረሷት ነው። ዘንድሮ ያንንም መንገድ ናዳ ዘግቶታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩንዳን መቃዠት ጀመረ። ባቹሊ መኮትኮቻዋን በነጠላዋ ሸፍና ሽቅብ ወጣች። መንገዱ በጎምቲ እርሻ ጥግ ያልፋል፤ ጎምቲም አረም ላይ ነበረች።

"ወዴት ነው እትዬ? በዓሉ እኮ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል" አለቻት፣ ነጠላውን እያየች።

ባቹሊ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም።

"ኩንዳን ሊሞትብኝ ነው።"

ጎምቲ ከድንጋይ ካቡ ሥር ጎንበስ ብላ አረሙን ገለጥ አደረገች። ኩትኪ ነበር፣ ሁለት መደብ ሙሉ። አንዱን ቆፍራ አወጣች፤ ቡቃያ ያለበትን ጫፍ ቆርጣ መልሳ ቀበረችና የቀረውን ሥር በቀሚሷ ጠርጋ ዘረጋችላት።

"ያን ዓመት በዓሉ እንዳለፈ የተከልኩት ነው" አለች። "ዳግመኛ አንቺን ላለመለመን።"

ባቹሊ በሁለት እጇ ተቀበለች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ጎምቲ ወደ አረሟ ተመልሳለች።