ክቧ ባትሪ

ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ሬዲዮና ስልክ ስለሚጠግን ነው እንጂ፣ ሰውዬውስ መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ፈሪ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚያች ጠባብ ሱቅ ሲቀመጥ አንድ ሕግ አልጣሰም፤ የመጣው ዕቃ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ባትሪው ይወጣል። ወረቀት ማንበብ ግን አይሆንለትም። ለሚስቱ ይወረውርላታል፤ እሷም ደጃፉ ላይ የስልክ ሽፋን እየሸጠች ታነብለታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዶ ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ከመዳፍ የማይበልጥ አሮጌ የእጅ ጌም ይዛ መጣች። ከዓይነቱ የተሠራው ጥቂት ስለሆነ፣ አሮጌ ጌም የሚሰበስቡ ሰዎች ሽጪልን እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተዋታል። እሷ ወይ ፍንክች! የሟች ወንድሟ ነው። አሁን የቀኙ ቁልፍ አልሠራ ብሏል።

«ዶክተር፣ አደራዎን! ሁሉንም ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ወረቀቱን ለሚስቱ አቀበላትና ዕቃውን ከፈተው። ብሎኖቹን በየተራቸው ፕላስተር ላይ ለጠፈ፤ ውስጥ ያለችውን ክብ ባትሪ ከብየዳዋ አላቆ አወጣት፤ ቁልፉን ጠረገ። ሚስቱ ከደንበኛዋ ጋር ስትከራከር ቆይታ ገና ማንበብ መጀመሯ ነው።

«እባክዎን ክቧን ባትሪ እንዳይነኩ። የወንድሜ ስምና ያስመዘገበው ነጥብ የሚቆየው በእሷ ነው። ከወጣች ይጠፋል።»

ቀና ስትል ባትሪዋ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብላለች።

«አንተ ሰውዬ! ምን አደረግክ?»

«ጉድ ሆንኩ! በቃ፣ የሞተውን ሰው ደግሜ ገደልኩት!» ላብ አጠመቀው። ያቺን ልጅ በምን ዓይኑ ሊያያት ነው?

«አሁን ማልቀስ ምን ይሠራል? በል መልሳት!» አለችው ሚስቱ።

ሊበይዳት የጌሙን የውስጥ ሰሌዳ ሲገለብጠው፣ ከሥሩ በፕላስተር የተጠቀለለች ሌላ ባትሪ ተበይዳ አገኘ። ብየዳው የጀማሪ ነው፣ ዝርክርክ ያለ። ፕላስተሩ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ወረቀት የማይወደው ሰው መነጽሩን ፈልጎ ራሱ አነበበው።

«ጠጋኝ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባትሪ እንደምታወጣ አውቃለሁ። እኔም አጥፍቼ ነው የተማርኩት። አይዞህ፣ ይቺኛዋ ትይዝልሃለች።»

ክቧን መልሶ በየዳትና ጌሙን አብርቶ አየው። ስሙ አለ፣ ነጥቡም አለ። «እፎይ!» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ ሳቁም እንባውም እኩል መጡበት።

ነርሷ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ሚስቱ ዝም በል ብላ በክርን ብትጎስመውም፣ አንድም ሳያስቀር ነገራትና ፕላስተሩን አሳያት። ልጅቱ መጀመሪያ ክው አለች። ስታነበው ግን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች።

«አይ ወንድሜ! ለእኔ አንድ መስመር ጽፎልኝ ሳያውቅ ለእርስዎ ደብዳቤ ጻፈልዎ!»

ዶክተሩ ገጥሞ ሲሰጣት እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጣ መጫወት ጀመረች። ነጥቡን ብታልፈው የወንድሟ ስም ተነሥቶ የእሷ ይገባል። ሚስትየው ይህን ከልጅቱ ስትሰማ ሱቁን መዝጋቷን ትታ ከአጠገቧ ቆመች፤ ዶክተሩም ከኋላዋ አጎነበሰ።

ልጅቱ ሦስት ጊዜ ተሸነፈች። ሦስቴም ሁሉም በአንድ አፍ «ተመስገን!» አሉ።