በአባቴ ላይ የበቀለ ገብስ

የአጎቴ ልጅ ይማም የአባቴን መቃብር አርሶ ገብስ ዘራበት።

ወሬውን የነገረኝ ለገበያ የመጣ ያገሬ ሰው ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

መስከረም 24፣ ንጋት፣ ዶሮ ማነቂያ

ሳይነጋ ወጣሁ። ጋቢ፣ ዳቦ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የገዛኋት አንዲት ጣሳ ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ይዣለሁ። የአባቴ መቃብር ስም ተጽፎበት አያውቅም። ሲሞት ከቤታችን መጻፍ የሚችል አልነበረም። አሁን እኔ እችላለሁ፤ መቃብሩ ከተገኘ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እንድሪስ፣ ቀለሙን ያዝ፣ ጠቡን እዚህ ተወው።»

«ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ አለሁ። እዚህ ሰፈር ያልጠበቅሁት ጠብ አለ?»

አልሳቅሁም። ይማም ክላሽ እንዳለው አውቃለሁ።

ከእኩለ ቀን በፊት፣ ጣርማ በር

ጉም። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም። አጠገቤ ያለችው ሴት መቁጠሪያዋን ትገፋለች። ሾፌራችን ከፊት የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያስቆመ ይጠይቃል።

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«እስካሁን ሰላም ነው።»

ይህችን «እስካሁን» የምትባል ነገር አልወደድኳትም። ደብረ ሲና ቆሎና ብርቱካን በመስኮት ገባ፤ እኔ ግን መች አፌ ፈቀደ። ደሴ የደረስነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ዘመድ ቤት አደርኩ።

መስከረም 25፣ ከደሴ ወደ ደጋው

ባጃጁ መንገዱ እስካለ ወሰደኝ፤ የቀረውን በእግሬ።

መንደራችን የለም። ምንጩ ደርቆ ሰዉ ወደ አስፋልቱ ከወረደ ቆይቷል። የቁልቋሉ አጥር ቆሟል፤ የሚያጥረው ቤት ግን የለም። የተሰበረ ወፍጮ አየሁ፤ የጅብ ኩስ አየሁ። አረም የዋጠው የእህል ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ሊቀበለኝ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ድንጋይ ወረወርኩበት። ቆይቶ ጮኸ።

ልጅ ሳለን ትልልቆቹ፣ «ወና ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተጠራህ አቤት አትበል» ይሉን ነበር፤ ጂን ሦስተኛውን አይጠራም ነው ነገሩ።

«እንድሪስ!»

ደረቅሁ።

«እንድሪስ!»

ላብ በጀርባዬ ወረደ።

«አንተ እንድሪስ! ደነቆርክ እንዴ? አዲስ አበባ ጆሮ ይነሳል?»

ይማም ነው። ክላሹ ትከሻው ላይ።

«አባቴን የት አደረግኸው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! ድንጋይ የለ፣ ዛፍ የለ። እኔ ያረስኩት ቤታችሁ የነበረበትን ነው። ይኸው፣ ፈልግ!»

ገብሱ መንደሩን ይዞታል። ቤት የነበረበት ሁሉ አመድና እበት ጠግቦ በክብ በክብ ጠቁሯል። የኛን ቤት ቦታ ለየሁት። ይማም ከፊቴ ገብሱን እየሰነጠቀ ሄደ፤ እኔ ከኋላው። ዓይኔን ከጠመንጃው መንቀል አቃተኝ። እግሩን ያየሁት በኋላ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሲሄድ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ዞሮ አለፈ።

ድንጋይ የለበትም። ጉድጓድ የለበትም። ገብሱ ብቻ ጠቁሯል፤ በአንድ ሰው ቁመት ልክ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ።

«ለምን ዞርክ?»

አንድ እርምጃ ጨምሮ ቆመ።

«ይማም፣ ለምን ዞርክ?»

ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሱ ግን መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ ራሱም ቁጭ አለ።

«በሬዎቹ ናቸው» አለ። «እዚህ ሲደርሱ ቆሙብኝ። ገርፌ አሳለፍኳቸው። አንዱ በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አልረግጠውም። ልጆቼንም ከልክያለሁ።»

«ድንጋዮቹስ?»

«ከድንበሩ ካብ ውስጥ ናቸው።»

«እያወቅህ ዋሸኸኝ!»

«ፈርቼ ነዋ!»

ሁለታችንም ቶሎ ከዚያ ወጣን። ማን ቀድሞ እንደተነሳ አልናገርም።

መስከረም 28፣ ፒያሳ

አባጋሮቹ፣ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ በማግስቱ ተቀምጠው ፈረዱ። ገብሱ እስኪታጨድ ማንም አይነካውም። የዚያ ቦታ እህል ለሰደቃ ይውላል። ድንጋዮቹን ይማም ራሱ ይመልሳል። እሺ አልኩ። እሱን ግን አልሳምኩትም።

ቀለሟ እንደታሸገች ተመልሳለች።

«ጠቡን ልመልስልህ?» አሉኝ እትዬ ዘሃራ።

«ትንሽ ያቆዩልኝ።»

ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ቤቶች ፈርሰው ቆርቆሮ ታጥሮበታል። በዚያ ሳልፍ ከወዲያ በኩል ሰው ስሜን ጠራ። የማውቀው ድምፅ ነው። ቢሆንም አቤት ሳልል ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ይማም ሁለቱን ድንጋዮች በትከሻው ተሸክሞ በራስጌና በግርጌ የተከለው፣ እኔም «አሊ ሰይድ» ብዬ በጥቁር ቀለም የጻፍኩት ገብሱ ከታጨደ በኋላ፣ ኅዳር 16 ቀን ነው።